ከሀበነ ዮም እስከ አሜን

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ጎረምሳ ዓሣ ሲያጠምድ አየሁ። ዘንጉ የሚያምር ነው፣ ክሩ በዓይን አይታይም፣ ኮፍያው ሳይቀር አዲስ ነው። ክሩ ገና ነካ ከማለቱ ልጁ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ይመነጭቀዋል፤ ባዶ መንጠቆ አየር ላይ ይወዛወዛል። እንደገና ትል ይሰካል፣ ይወረውራል፣ ነካ ሲል ይመነጭቃል፤ አሁንም ባዶ። እንዲህ ያለ ነገር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። «ልጄ፣ እስኪጎርስ እንኳ ጊዜ አትሰጠውም?» አልኩት። ዞር ብሎ ነጠላዬንና ሽበቴን አየና «ማዘር፣ ዓሣ ያጠምዱ ነበር እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

አጠምድ ነበር፤ ያውም ጎበዝ ነበርኩ። ይህን ስናገር አላፍርም። ልጁ ቀደም ሲል ከያዛቸው፣ አጠገቡ ባለው ባልዲ ውስጥ ካሉት ጥቂት ትንንሽ ዓሦች አንዱን አንስቼ ሆዱን በአውራ ጣቴ ዳበስኩና መልሼ አስቀመጥኩለት። ቤቴ ገብቼ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ብታጠብም ሽታው አልለቀቀኝም። የረጠበ ጭቃና የዛገ ብረት የሚመስል ሽታ ነው፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዝበታል። እኔ ግን እጄን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ሽታ ውስጥ በሽሎ ወንዝ፣ አያቴ፣ የእናቴ የከሳ ፊትና ያ ሁዳዴ ተከታትለው ወጡ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ስማዳ፣ ከወገዳ ከፍ ብሎ ገብስ በሚበቅልበት ብርዳም ደጋ ላይ ነበር። የእናቴ አባት ግን የሚኖሩት ታች ቆላ፣ በሽሎ ገደል ውስጥ ነው። ስማቸው ቢተው ነው፤ ያገሩ ሰው አያ ቢተው ይላቸዋል፣ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ሚስታቸው የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው። በዚያ ዓመት ክረምት በሬ ሲጠምዱ ወይፈኑ ደንብሮ ቀንበሩ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ቀጥቅጦባቸው ነበር። ስለዚህ የማሽላው አጨዳ ሲደርስ እናቴ እኔን አስከትላ ልታግዛቸው ወረደች። አባቴ ከብቶቹን ይዞ ደጋ ቀረ።

አባባ አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የሰላ ሰው ነበሩ። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ዓሣ ይበላሉ። የኛ የደጋው ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ሰዎች «ጺም ያለው እባብ» ይሉታል። አባቴ እንኳ እናቴን ሲያበሽቃት «የእባብ በላተኛው ልጅ» ይላት ነበር። አባባ ግን ግድ የላቸውም። «ደጋዎች በጎቻችሁ ሲያልቁ ወደኔ ትወርዳላችሁ» ይሉ ነበር።

የሚያጠምዱበትን ቦታ «ባሕሩ» ነው የሚሉት። በበጋ ወንዙ ቀጥኖ በጠጠር መሃል ሲሹለከለክ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ቋጥኝ ሥር ግን ጥልቅና አረንጓዴ ውሃ ይተኛል። ከዳር ቆሞ ድንጋይ ሲወረውሩበት ድምፁ ቶሎ አይመለስም። በኛ ደብር ግድግዳ ላይ ሐዋርያት በጀልባ ሆነው መረብ ሲጥሉ ተሥሏል፤ መሪጌታው ቦታውን ባሕረ ጥብርያዶስ ይሉታል። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው ባሕር አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ የወረድን ቀን ቋጥኙ ላይ ቆሜ «አባባ፣ ጴጥሮስ የቆመው የት ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አባባ ጢማቸውን አሻሹ። «ጴጥሮስ ወዲያ ማዶ ነበር» አሉኝ፣ በአገጫቸው የወሎን ዳርቻ እያሳዩኝ። «ወዲህማ የኛ ነው።»

አመንኳቸው። ማዶ ፍየል የሚጠብቅ አንድ ሽበታም ሽማግሌ ነበር፤ ባየሁት ቁጥር ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ሰውየው መጀመሪያ ግራ ገባው፣ በኋላ ግን እሱም ዱላውን ከፍ እያደረገ ይመልስልኝ ጀመር። እኔም ለደጋ ልጆች የምነግራቸው ትልቅ ነገር አገኘሁ።

የአባባ መንጠቆ ቀጥቃጭ ከጆንያ መርፌ ያጎበጠው ነው። ክሩ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነው፤ ገማጁም ራሳቸው ናቸው። ዘንግ የሚባል የለም። የክሩ አንድ ጫፍ ክንድ ላይ ይጠመጠማል፣ መሃሉ በሌባ ጣት ላይ ያርፋል፣ ሌላው ጫፍ ጠጠርና ትል ይዞ ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጣት የሚሠራው ነው።

«አምባዛ እንደ ደጋ እንግዳ ነው» ይሉኝ ነበር። «ብላ ሲሉት ቶሎ አይበላም። መጀመሪያ በጺሙ ይዳብሳል፤ ያኔ ክሩ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ በከንፈሩ ይዞ ያስባል። ያኔ ከሳብሽው አፉን ከፈት አድርጎ ትልሽን ይተውልሻል። ጎርሶ ፊቱን ወደ ቤቱ ሲያዞር፣ ያን ጊዜ ነው የሚሳበው።»

«ያን ጊዜ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ክሩ ሲነካሽ አቡነ ዘበሰማያት ጀምሪ። ‹ሀበነ ዮም› ላይ ስትደርሺ ሳቢ።»

የዕለት ጉርሳችንን ዛሬ ስጠን የምንልበት ቦታ ነው። አባባ ይህን መለኪያ ከአባታቸው ነው የወረሱት። በዚያ አገር ሰዓት ያሠረ ሰው አልነበረም፤ ንፍሮ ከእሳት የሚወጣው፣ ቆዳ ከአመድ ውሃ የሚነሣው ሁሉ በጸሎት ተለክቶ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለኔ እንግዳ አልነበረም። እንግዳው ፍጥነቱ ነው። እኔ ጸሎቱን የያዝኩት በደብራችን አጥር ሥር ቆሜ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ሲሉት እየሰማሁ ነው። እነሱ ደግሞ ከመሪጌታው አርጩሜ ለማምለጥ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወርዱት። በዚያ ላይ ዓሣውን የሚያመጣው መንጠቆው ሳይሆን ጸሎቱ ይመስለኝ ነበር። ቶሎ ካልኩት ቶሎ ይመጣል ብዬ አስቤ፣ ክሩ ነካ ሲያደርገኝ አፌ እስኪያረፋ አንበለበልኩትና ሳብኩ። ባዶ መንጠቆ መጥቶ ፊቴ ላይ ተንጠለጠለ።

«ምነው፣ ውሻ ያባርርሻል?» አሉኝ። «ይህን እግዜርም አልሰማሽ፣ ዓሣውም አልሰማሽ።»

ከዚያ በኋላ ክሩን መልሰው ወሰዱት። እኔ ትል ቆፋሪ ሆንኩ፤ በጣም ነው የተናደድኩት።

እናቴ የታመመችው ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። የቆላ ንዳድ ነበር። አንድ ቀን ያንቀጠቅጣታል፣ አንድ ቀን ያቃጥላታል፣ ከዚያ ይተዋትና ተመልሶ ይመጣል። ትኩሳቱ በኋላ ለቀቃት፤ ከሄደ በኋላ ግን የቀረችው እናቴ ሌላ ሰው ነበረች። የክንዷ አንባር እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። ተነሥታ ደጅ ለመውጣት ግድግዳ ትይዛለች። አባቴ ከደጋ ወርዶ በቃሬዛ ሊያወጣት አስቦ ነበር፤ ግን ያን ዳገት ትችለዋለች ብሎ የደፈረ ሰው አልተገኘም። በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ።

እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴ ሽራ አታውቅም። ባቄላውንም ሽንብራውንም ሆዷ አልቀበል አለ፤ የሚገባላት ጥቂት የማሽላ አጥሚት ብቻ ነበር። የነፍስ አባቷ መምሬ አድማሱ ሊጠይቋት መጡ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ቄስ ናቸው።

«ጥሩ» አሏት በስሟ ጠርተው፣ በመደቡ ጫፍ ተቀምጠው፣ «ወተት ጠጪ። እኔ ፈትቼሻለሁ።»

«አባቴ፣ ይማሩኝ። ዘንድሮ የሞትኩ እንደሆን ወተት አፌ ላይ ይዤ ልሂድ?»

«የምትሞቺው እኮ ባለመጠጣትሽ ነው!»

«እንግዲያው ጾሜን ይዤ ልሂዳ።»

መምሬ ወደ አባባ ዞሩ። «ቢተው፣ ይቺ ልጅ ይህን ግትርነት ከየት አመጣችው?» አባባ ቀና ብለው ጣራውን ማየት ጀመሩ። መምሬ ትንሽ አስበው እንደገና ወደ እናቴ ዞሩ። «ዓሣስ? የሚያበላም አባት አለ፣ የሚከለክልም አለ። እኔ አብልቻለሁ፤ ጥያቄ ቢመጣ በኔ ይሁን።»

«እሱንስ እሺ» አለች እናቴ። «ባሕሩ ከሰጠ እበላለሁ።»

ደጅ ወጥተው ሲሰነባበቱ እኔ ከጎተራው ኋላ ነበርኩ። መምሬ «ስማ ቢተው፣ ጸሎቱን ግማሽ ላይ አቋርጠህ ዓሣ ትጎትታለህ አሉ። ደግ አይደለም» አሏቸው። አባባም ቀበል አድርገው «መምሬ፣ ወይዘሮዎ ንፍሮ ሲያወጡ አሜን ይላሉ?» አሉ። መምሬ ሳይወዱ ሳቁ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ቀልዱን እንተወው። የሚያቆማት ነገር ካልበላች ይቺ ልጅ ፋሲካን አታይም።»

ዓሣ የሚገኘው ደግሞ ከባሕሩ ብቻ ነበር። ላይኞቹን ኩሬዎች ጎረምሶች ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጠው ጨምረውባቸው፣ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ሆዱን ገልብጦ አልቋል። ባሕሩ ጥልቅ ስለሆነ ብርብራ አይበግረውም። አባባ በማግስቱ ክራቸውን ይዘው ወረዱ፤ እኔም ትሉን ይዤ ተከተልኩ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሚቀጥለውም ቀን፣ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ። እኔ ዓሦቹም እንደኛ ሁዳዴ የያዙ መሰለኝና «አባባ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብንመጣ አይሻልም? ያኔ ይገድፋሉ» አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል ዓመቱን ሙሉ ያወሩብኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን ፈገግም አላሉ።

አንድ ቀን ጎናቸው ተቀምጬ ክሩን ሳየው ጣታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። አባባ ማዶ ያያሉ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም፤ ጸሎት አልጀመሩም። «አባባ፣ ነካ!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጠው ሳቡ፤ ትሉ ተበልቷል።

«አውቄ ነው» አሉ በቁጣ። ከዚያ ግን መንጠቆውን በግራ እጃቸው ይዘው ጫፉን ቀኝ ሌባ ጣታቸው ላይ ተጫኑት። ደም ጠብ አለ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«አየሽ? ቀንበሩ ጣቶቼን ከቀጠቀጣቸው ወዲህ አጥንቱ ገጠመ፣ ስሜቱ ግን አልተመለሰም። ግራዬም እርፍ ሲጨብጥ ኖሮ እንደ ጫማ ሶል ደድሯል። ውሃ ውስጥ ያለውን ነገር አይነግረኝም።» እኚያን ሰው እንዲያ አንገታቸውን ደፍተው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልቤ ተሰበረ። ከዚያ ቀና አሉና ክሩን ከክንዳቸው ፈትተው በኔ ክንድ ላይ ጠመጠሙት። «ያንቺ ጸሎት ውሻ እንዳባረረው ነው፣ የኔ ጣት ሞቷል። እንግዲህ ጣቱ አንቺ ሁኚ፣ ጸሎቱ እኔ እሆናለሁ።»

እንዲህ ተስማማን። ክሩ ሲነካኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ አባባ በቅዳሴ አካሄድ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ‹ሀበነ ዮም› ላይ ሲደርሱ «ሳቢ» ይላሉ፣ እኔም እስባለሁ። መጀመሪያ ላይ ገና ሳይጨርሱ እጄ ብድግ እያለ አስቸገረኝ። ትንሽ ቆይቼ ግን ተማርኩ። አንድ ጥዋት ልክ በቃሉ ላይ ሳብኩና እጄን የምታክል ዓሣ እየተወራጨች ወጣች። ጮህኩ፤ አባባ ደግሞ ዓሦቹ ይሰማሉ ብለው አፌን ያዙ።

አባባ በጨውና በትንሽ በርበሬ ቀቀሏት። እናቴ መረቁን በዋንጫ ጠጣች። እኔና አባባ መልሳ ታስወጣው እንደሆን ብለን ዓይን ዓይኗን አየናት፤ ረጋላት። «ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለችን። እኔ በዚያ ቀን መንደሩን ሁለቴ ዞርኩት፤ ለማንም የምነግረው ሥራ ኖሮኝ ሳይሆን እንዲጠይቁኝ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ባሕሩ ዘጋብን። ይነካል፣ አባባ ይጸልያሉ፣ በቃሉ ላይ እስባለሁ፣ ባዶ ይወጣል። ክሩን የሚነካው ነገር እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ከበድ ያለና ዝግ ያለ ነው። ለአባባ ልነግራቸው ፈልጌ ቃሉ ጠፋኝ። «ሌላ ነው» ብቻ አልኳቸው። «ዓሣ ዓሣ ነው፤ ከቃሉ ቀድመሽ እየሳብሽ ነው» አሉኝ። አልቀደምኩም ነበር። እናቴ እንደገና ደከመች። ስንገባ «አገኛችሁ?» ብላ መጠየቋን ተወች፤ ያ ከሁሉ የባሰ ነበር። አባቴ ከደጋ ወርዶ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በግ ሊሸጥ አርብ ገበያ ሲሄድ እግረ መንገዱን እንደወረደ አድርጎ ነው ለእናቴ የነገራት፣ እሱ ግን ሊሰናበታት የመጣ ይመስል ነበር። የእባብ ቀልዱንም አላነሣውም። «አያ ቢተው፣ ዛሬስ?» አለ ቀስ ብሎ፣ እኔና አባባ ክሩን ይዘን ስንወጣ።

ጥዋት ነው፤ ፀሐይ ገና ገደሉ ውስጥ አልገባችም። ቋጥኙ ቀዝቃዛ ነበር። ወፍራም ትል ሰካን፣ ጣልን፣ ጠበቅን። ብዙ ቆየን። ከዚያ ክሩ ጣቴ ላይ እንደ ድመት ጺም ዳሰስ አደረገኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

ዳሰሳው ቆመና ከበድ ያለው ነገር መጣ። አልሄደም፣ አልጎተተም። ይዟል፣ ግን አልጎረሰም። ውሃው ውስጥ አንድ አፍ ትሌን ይዞ ሲያስብ በጣቴ አየሁት ብል አልዋሽም። አባባ ‹ሀበነ ዮም› አሉና «ሳቢ» አሉ።

አልሳብኩም።

«ሳቢ እንጂ!»

ራሴን ወዝወዝ አድርጌ እንቢ አልኳቸው። አባባን እንቢ ብዬ አላውቅም ነበር። ብሳሳት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ መምሬ ያሉትን ቃል ሰምቻለሁ። አባባ ሊሰድቡኝ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓሣው እንዳይሰማ ብለው ዘጉት። ድምፃቸውን አፍነው የቀረውን ጸሎት በቁጣ ቀጠሉት። እንደዚያ በቁጣ የተባለ ጸሎት ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አሜን አሉ።

ክሩ ላላ። ባዶ እንደሆነ ነገር ጣቴ ላይ ተኛ። አባባ ይህን አይተው «ሄደ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። እኔ ግን ክሩ የላላው ዓሣው ወደኛ ዞሮ ስለመጣ መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ጠገበ ሽማግሌ ወደ ቋጥኙ ሥር መሄድ ጀመረ። ያን ጊዜ፣ በሙሉ ክንዴ ሳብኩ።

ወንዙ ራሱ የተነሣብኝ መሰለኝ። በደረቴ ተደፋሁ፤ አባባ ቀሚሴን ባይዙኝ ገብቼ ነበር። ክሩ ጣቴን እንደ ምላጭ ቆረጠኝና ጮህኩ። አባባ ክሩን ተቀብለው በዚያ በሞተው ቀኝ እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። ደማቸው በክንዳቸው ወረደ፤ አልተሰማቸውም። «እንዲህ ላለው ቀንም ትሆኛለሽ ለካ» ይሏት ነበር እጃቸውን፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። እኔ ወገባቸውን ይዤ፣ እሳቸው እግራቸውን ቋጥኙ ላይ ተክለው፣ ቀስ በቀስ ወደ ጠጠሩ ጎተትነው። ራሱ ብቻ የበግ ራስ ያህላል። ሲያቆሙት እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር።

አባባ አጠገቡ ተቀመጡና ቁና ቁና ተነፈሱ።

«ለምን አልሳብሽም?»

«ገና አልጎረሰም ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

«እንጃ። ጣቴ አወቀ።»

ዓሣውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። የዓሣው ከንፈር ዳር ላይ የቆየ ጠባሳ ነበረ፤ ጣታቸውን አስጠጉበት። «ይህን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ጣቴ ደህና በነበረ ጊዜም ስንቴ አመለጠኝ። ሁሌም በሀበነ ዮም ነው የሳብኩት።» ከዚያ በዚያ በደማ እጃቸው ራሴን ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ። አባባ ሰው የሚስሙ ሰው አልነበሩም።

በዱላ አንጠልጥለን መንደር ስንገባ ሰው ከየቤቱ ወጣ። «አያ ቢተው፣ ያዙት?» እያለ ይጠይቃል። «እኔ አይደለሁም» ይላሉ አባባ ሳይቆሙ። ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ነበር የሚመልሱት፣ ለመንገደኛም ጭምር። አባቴ በር ላይ እንደተቀመጠ አየና ብድግ አለ። ዓሣውን በጺሙ ይዞ አነሣውና «ይህ እንኳ እባብ አይደለም፣ ዘንዶ ነው» አለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲያለቅስ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ በላች። መጀመሪያ መረቁን፣ ቀጥሎ ሥጋውን እሾሁን እየለቀምኩላት። የተረፈውን ጨው ነስንሰን ጭስ ላይ ሰቀልነው፤ ብዙ ሰነበተላት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየበረታች፣ አንድ ቀን ራሷ ተነሥታ የራሷን ጸጉር ስታበጥር አገኘኋት። ማበጠሪያውን ይዤ ላግዛት ስል «ተይኝ፣ ትል ቆፋሪ» አለችኝ። ስድቧ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የደብረ ዘይት እሑድ መምሬ አድማሱ ሊያዩዋት መጡ፤ ሰውም ተከትሏቸው ገባ። አባባ ቆመው ነገሩን ከመጀመሪያው ተናገሩ። እኔ ከምሰሶው ኋላ ነበርኩ። «እኔ ሳቢ አልኳት» አሉ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ። «ሳቢ ብያት እንቢ አለችኝ። እሺ ብላኝ ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ እዚህ አትቀመጥም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የሳትኩ እኔ ነኝ፤ ትልቁ ዓሣ ለካ አሜኑን ይጠብቃል።»

መምሬ ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። «ጸሎት ግማሽ ላይ አይቆረጥም ብዬህ አልነበር?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባባም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምሰሶውን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ ያውም እንደ አባባ ያለ ሰው፣ በአገር ፊት ተሳስቼ ነበር፣ ልክ እሷ ነበረች ሲል የሰማሁት ስለኔ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ እንደዚያ የሞቀኝ ምስጋና ግን የለም።

እናቴ ፋሲካን አየች። በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ በእግሯ ተመለሰች፣ በሰው ፊት ጾሟን በዶሮ ገደፈች። በዚያው ሳምንት፣ ደጋ ልንወጣ ስንሰናዳ፣ «ባሕሩን ሳላይ አልሄድም» አለችና ዱላ ይዛ ወረደች። ጥላ ሥር ተቀመጠች። ማዶ ያ ሽበታም ፍየል ጠባቂ ነበር፤ እጅ ነሣሁት፣ ዱላውን ከፍ አደረገልኝ። እናቴ «ማነው እሱ?» አለችኝ። «ጴጥሮስ ነው» አልኳት። ወደ አባቷ ዞራ አየቻቸው፤ አባባ ጠጠር እየመረጡ ነበር።

በዚያ ቀን ክሩን እሳቸው ያዙት። ዓሣ አላስፈለገንም፤ እንዲሁ አማራቸው። ቁስሉ በደረቀው ቀኝ እጃቸው ላይ ጠመጠሙትና «ነይ፣ እንጉዳይ» አሉኝ። ልጅቷ ሳይሉ በስሜ ሲጠሩኝ ብርቅ ነበር። ጎናቸው ተቀመጥኩና ሌባ ጣቴን በሳቸው ጣት አጠገብ ክሩ ላይ አሳረፍኩ። ውሃው ጸጥ ብሏል። ትንሽ ቆይቶ ዳሰስ አደረገኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። አባባ በዚያ ጊዜ ጸሎቱን ጮክ ብለው አልጀመሩም። ክሩን አዩት፣ ጣቴን አዩት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

«አሁን ነው?»

«ገና ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ጠበቁ።